ዘር ከጎተራ ሲወጣ፣ አውራ በግ ከመንጋ ሲሸጥ

እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የተባለው በሽታ የኢትዮጵያን የስንዴ ማሳዎች ሲመታ ክፉኛ የተጎዳው በሰፊው ይዘራ የነበረው «ኩብሳ» የተባለ የስንዴ ዝርያ ነበር። ገበሬው ኩብሳን ትቶ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው «ዲጋሉ» ዞረ። ዘሩ ተባዛ፣ ተከፋፈለ፣ ብዙ ማሳ ሸፈነ። እ.ኤ.አ. በ2013 መኸር ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዘር መጣና ዲጋሉን ራሱን በላው፤ በባሌ ቁመናው ያማረ የነበረ ማሳ አገዳው ዝጎ፣ ፍሬው ጨምድዶ ቀረ።

ዲጋሉን ያወጡት ተመራማሪዎች አላጠፉም። ቢጫ ዋግን ተቋቁሟል፣ በምርትም ከነባሩ ዘር ይሻል ነበር። አደጋው ያለው አንድ ዓይነት ዘር ሰፊ አገር ሲይዝ ነው፤ አንዱን ተክል የሚያሸንፍ በሽታ ሁሉንም ያሸንፋልና። በአንድ ማሳ ውስጥ ቁመቱ፣ የዛላው ቀለም፣ የሚደርስበት ቀን የሚለያይ የገበሬ ዘር ሲኖር ዋጉ አንዱን ይዞ ሌላው ላይ ይቆማል። ምርቱ በደግ ዓመት ያንሳል፤ በክፉ ዓመት ግን ባዶ አይሆንም። አዲስ የሚቋቋም ዝርያ ለማውጣት የሚፈለገው ዘረ-መልም የሚገኘው እዚያው ድብልቅ ውስጥ ነው።

ይህ ለእኛ ብቻ አይደለም። የጀርመን አሳሾች እ.ኤ.አ. በ1937 እና 1938 ከኢትዮጵያ የሰበሰቡት ገብስ ዱቄት መሰሉን የቅጠል ሻጋታ የሚቋቋም ዘረ-መል ተገኝቶበት ዛሬ በአውሮፓ ብዙ የጸደይ ገብስ ውስጥ ይገኛል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቀጭጨው የቫይረስ በሽታ የታደገው ዘረ-መልም ከኢትዮጵያ ገብስ የተወሰደ ነው። ገብሱን የጠበቀው ገበሬ ግን እንዲህ ያለ ሀብት መያዙን የነገረው ሰው አልነበረም።

ነባር ዘር በአብዛኛው የሚጠፋው ማንም ልብ በማይለው ተራ ሰዓት ነው፦ በደንብ ያልደረቀ ናሙና ሲታሸግ፣ ክረምት ሲገባ ለዘር የተቀመጠው እህል ሲቆላ፣ ፈጥኖ ያደገው አውራ በግ ለበዓል ሲሸጥ። ጥበቃውም መቆም ያለበት እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለ ዘር ምን ያጋጥመዋል?

የኢትዮጵያ የዘር ባንክ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 በጀርመን መንግሥት ድጋፍ ሲሆን፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት የወጣው ከዚያ ነው። ባንኩን ለረጅም ዓመታት የመሩት ዶ/ር መላኩ ወረደ በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ገበሬው የዘር እህሉን ሳይበላው እንዲሰበሰብ ያደረጉት ጥረት ይታወሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1989ም «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

የዘር ባንክ ሥራ ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ዘር አድርቆ ማቀዝቀዝ። ሥራው ግን ከማሳው ይጀምራል። አንድ ጠቃሚ ባሕርይ በማሳው ውስጥ በ5 በመቶ ተክሎች ላይ ብቻ ቢኖር፣ ናሙናው ውስጥ የመግባቱ ዕድል 95 በመቶ እንዲሆን ቢያንስ ከ59 የተለያዩ ተክሎች ዛላ መቁረጥ ያስፈልጋል። በተግባር ሰብሳቢው ከመንገድ ዳር ማሳ አማርጦ አሥርና አሥራ አምስት ትልልቅ ዛላ ይቆርጣል፣ ወይም ከገበያ አንድ ጣሳ ይገዛል። ትልቅ ዛላ ማማረጥ ደግሞ ድርቅ የሚችለውን፣ ፈጥኖ የሚደርሰውን፣ ያላማረውን እዚያው ጥሎ መምጣት ነው።

ከዘሩ እኩል የሚከብደው የናሙናው መግለጫ ነው። የቦታው ከፍታ፣ የአፈሩ ዓይነት፣ በበልግ ይዘራ በመኸር፣ ገበሬው የሚጠራበት ስም፣ ለምን እንደሚፈልገው፤ ለጠላ፣ ለቆሎ፣ ለእንጀራ ወይስ ለክዳን። ስም ብቻውን አይበቃም። በአንድ ስም የሚጠሩ የተለያዩ ዘሮች አሉ፣ አንዱ ዘርም ወንዝ ተሻግሮ ሌላ ስም ይይዛል። መግለጫ የሌለው ናሙና ከሃያ ዓመት በኋላ ለተመራማሪ ፖስታ ሙሉ እህል ነው።

ከዚያ ማድረቁ ይመጣል፤ ብዙው ስህተትም እዚህ ነው። በፀሐይ የደረቀ ገብስ ከክብደቱ 12 ወይም 13 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። ለረጅም ጊዜ ለማስቀመጥ ይህ በሰብሉ ዓይነት ወደ 3 እና 7 በመቶ መካከል መውረድ አለበት። የቆየ መመዘኛ እንደሚለው የዘር ዕድሜ እርጥበቱ በ1 በመቶ በቀነሰ ቁጥር፣ ሙቀቱም በ5 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር በእጥፍ ያድጋል። ስሌቱ ለጽንፍ ባይሠራም ከ13 ወደ 6 በመቶ ማውረድ ዕድሜውን ከ100 እጥፍ በላይ እንደሚያረዝመው ያሳያል። ለዚህም ነው ማድረቂያ ክፍል ከማቀዝቀዣው ይበልጣል የምንለው። ማድረቁ ግን በምድጃ ሙቀት አይደለም፤ ፅንሱን ይገድላል። ወደ 15 ዲግሪ በሆነ፣ የአየሩ እርጥበትም 15 በመቶ ገደማ በሆነ ክፍል ውስጥ ቀስ ተብሎ ነው።

የደረቀው ዘር በአሉሚኒየም በተሸፈነ ከረጢት ታሽጎ በዜሮ በታች 18 ወይም 20 ዲግሪ ይቀመጣል። ከረጢቱ ሲወጣ ወዲያው መክፈት አይገባም። ቀዝቃዛው ዘር ላይ የክፍሉ አየር ጠል ሆኖ ያርፍበታል፣ ለወራት የተደከመበት ድርቀት በደቂቃ ይበላሻል። ከረጢቱ እንደታሸገ አድሮ ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር ሲስተካከል ነው የሚከፈተው።

ማቀዝቀዣ ሞትን ያዘገያል እንጂ አያስቀርም። ስለዚህ ከ5 እስከ 10 ዓመት ባለ ጊዜ ብቅለቱ መለካት አለበት፤ 50 ፍሬ በ4 መደብ፣ በጠቅላላው 200። ብቅለቱ መጀመሪያ ከነበረው ከ85 በመቶ በታች ሲወርድ ዘሩ ተዘርቶ ይታደሳል። «ገና ግማሹ ይበቅላል» ብሎ መጠበቅ የሚጎዳው የሞተው ግማሽና የተረፈው ግማሽ አንድ ስላልሆኑ ነው፤ ማከማቻውን የቻለው ብቻ ይተርፋል፣ ድብልቁ ይዛባል። ሲታደስም የቆላ ማሽላ ደጋ ላይ ቢዘራ ሳያፈራ ብርድ ይደርስበታል። ኑግና ባቄላ በነፍሳት ስለሚዳቀሉ ካልተከለሉ ከጎረቤት ማሳ ጋር ይቀላቀላሉ። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚያዳቅሉ በዚህ በኩል ይቀላሉ።

ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ቦታ ማኖርም ግዴታ ነው። በሶሪያ አሌፖ አቅራቢያ የነበረው የኢካርዳ (የደረቅ አካባቢ ግብርና ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል) ዘር ባንክ በጦርነቱ ምክንያት ሥራው ሲስተጓጎል፣ በኖርዌይ ስቫልባርድ ባለው ዓለም አቀፍ የዘር ማከማቻ ያስቀመጠው ቅጂ እ.ኤ.አ. በ2015 ወጥቶ ሌላ አገር እንደገና ተባዛ። ቅጂ ባይኖር ኖሮ ያን ስብስብ መልሶ ማቆም እጅግ በከበደ ነበር።

«ወተት በጉንጬ» ለምን አልጠፋም?

በወሎ ገበሬዎች ከማሽላ መካከል «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩኬ» የሚሏቸው ዘሮች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ማሽላ ውስጥ ላይሲን የተባለው የፕሮቲን አካል ከተለመደው በጣም የበዛባቸውን ዓይነቶች ሲያገኙ የዓለም ሳይንስ ተደነቀ፤ ማሽላ በላይሲን ድኽነቱ ይታወቃልና። የእነዚህ ምንጭ ወሎ ነበር። ፍሬያቸው ሲደርቅ ጎድጎድ ብሎ ይጨማደዳል፣ ምርታቸውም ከሌላው ያንሳል። በኩንታል ብቻ ቢመዘኑ ማንም አይዘራቸውም።

ገበሬው ግን ደረቁን አይደለም የፈለገው። እሸቱ ገና ሲጠጥር ተቆርጦ ይጠበሳል፤ ጣፋጭና ወተት ያለው ነው። ጎተራው ሲሟጠጥ ሕፃናት የሚቀምሱት እሱ ነው። ለዚህም ሲባል ከሌላው ማሽላ ጋር ተደባልቆ ጥቂቱ ይዘራል። ስሙ የተሰጠው በጣዕሙ ነው፣ የተጠበቀውም በጣዕሙ ነው። ይህን የሚያደርግ ሰው ላይሲን የሚባል ነገር መኖሩን ሳያውቅ ለትውልድ ጠብቆታል።

እንግዲህ በማሳ ላይ የሚደረግ ጥበቃ ማለት ይህ ነው፤ ዘሩ የሚፈለግበት ምክንያት በሕይወት መቆየት አለበት። የቀይ ገብስ ጠላ፣ የሰነፍ ቆሎ፣ የሰርገኛ ጤፍ ፈላጊ ካለ ዘሩ ይዘራል። ማኅበራትም ሆኑ ሆቴሎች የነባር ዘር ምርት በስሙ ሲገዙ፣ በደፈናው «ስንዴ» ብለው ከሚገዙት ይልቅ ብዙ ዘር ያድናሉ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በአንድ ጥቅል ብቻ ሲቀርቡ ደግሞ ነባሩን የሚዘራው ገበሬ ብድርም ምክርም ስለማያገኝ፣ ዘሩን ባይጠላውም ይተወዋል።

በማቀዝቀዣውና በገበሬው ማሳ መካከል የቆመው የማኅበረሰብ ዘር ባንክ ነው፤ በምሥራቅ ሸዋ በኤጄሬና በጨፌ ዶንሳ የቆዩ አሉ። አሠራሩ እንደ ዕቁብ መተማመን ይፈልጋል። አባሉ 50 ኪሎ ዘር ይወስዳል፣ ሲያመርት በወለድ መልክ ጥቂት ጨምሮ 55 ኪሎ ይመልሳል እንበል። የሚበላሸው በመመለሻው ላይ ነው። ገበሬው በገበያ ያገኘውን ንጹሕ ግን ሌላ ዘር ያመጣል፣ ወይም ከአውድማው ስር የተጠረገውን። ስለዚህ ማሳው ከመታጨዱ በፊት ኮሚቴው ሄዶ ዛላውን ማየት አለበት፤ መጋዘን በር ላይ ማየት ዘግይቷል።

መጋዘኑም ውድ መሣሪያ አይሻም። ደረቅ ጨውና ጥቂት ዘር በደረቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ተደርገው ይናጣሉ። ጨው ግድግዳው ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፣ ዘሩ ወደ ፀሐይ ይመለሳል። ካልተጣበቀ ሦስት ሽፋን ባለው ከረጢት ወይም ጥብቅ ክዳን ባለው ጀሪካን ውስጥ ይገባል። አየር የማያስገባ ዕቃ ነቀዝን ያፍነዋል፤ ዘሩ ካልደረቀ ግን በዚያው ዕቃ ውስጥ ይሻግታል። ከመዝሪያ አንድ ወር በፊት 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ በሳምንቱ መቁጠር፤ ከ80 በታች ከበቀለ ያንን ዘር ለገበሬ ማበደር በደል ነው።

በማቀዝቀዣ የማይቀመጠው

የቡና ዘር እንደ ስንዴ ቢደርቅና ቢቀዘቅዝ ይሞታል። እንሰት የሚባዛው ከአምቾው (መሬት ውስጥ ካለው ወፍራም ክፍሉ) በሚወጣ ቡቃያ ነው። ሁለቱም መሬት ላይ በቁማቸው መጠበቅ አለባቸው። ጅማ አካባቢ በጮጬ ያለው የቡና የማሳ ባንክ በሺዎች የሚቆጠሩ ዓይነቶችን ይዟል። ጥቅሙ ከዚህ በፊት ታይቷል። የቡና ፍሬ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲገባ መፍትሔው የተገኘው በበሽታው መካከል ቆመው ከተረፉ ዛፎች ነው። 74110 የሚባለው ዝርያ ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የተመረጠ፣ 110ኛው እናት ዛፍ ማለት ነው። ጫካው ቀድሞ ተመንጥሮ ቢሆን የሚመረጥ አልነበረም።

የማሳ ባንክ ጠላቱ ብዙ ነው፦ በሽታ፣ እሳት፣ መሬቱን የሚፈልግ ሌላ ፕሮጀክት፣ የኮትኳች ደመወዝ የሚቆረጥበት በጀት። በእንሰት ላይ ደግሞ አጠውልግ አለ። ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚሻገረው በአብዛኛው በአንድ ቢላዋ ነው፤ ከተክል ወደ ተክል ሲሄዱ ስለቱን በእሳት ማጋል የማይቀር ሥራ ነው።

ዘራችን ለውጭ ሰው ሲጠቅም ጥቅሙን ስለ መጋራትም አንድ ነገር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ጤፍን በሚመለከት ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ውል ፈርማ ነበር። ኩባንያው ከስሮ ተዘጋ፣ ለአገሪቱ የገባው ጥቅም ግን እዚህ ግባ አይባልም። ጤፍን በሚመለከት የተያዘው የፈጠራ መብት በሆላንድ ፍርድ ቤት ውድቅ የሆነው እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ቆይቶ ነው። ኢትዮጵያ የዘረ-መል ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከት አዋጅ ቁጥር 482/1998 አላት፤ ውል ግን የሚከታተለው ሰው ከሌለ ወረቀት ነው።

እንስሳት፦ ስሌቱ እዚህ ይከብዳል

የእንስሳ ዘር በከረጢት አይታሸግም። የኮርማ አባለዘር (የዘር ፈሳሽ) በ0.25 ሚሊ ሊትር ቀጭን ቱቦ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይቆያል። ናይትሮጅኑ ግን ይተናል። የዕቃው ልክ በየሳምንቱ ካልተለካና ካልተሞላ፣ መኪና ሲበላሽ ወይም ግዢ ሲዘገይ የአሥር ዓመት ስብስብ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። በበግ ደግሞ የቀዘቀዘ አባለዘር የማሕፀን አንገቱን ለማለፍ ይቸገራል። በዶሮ የአውራውን ዘር ብቻ ማስቀመጥ የሴቲቱን የራሷን ክሮሞሶም አይመልስም። ስለዚህ እውነተኛው ባንክ መንጋው ነው።

በመንጋው ውስጥ የሚወስነው የአውራው ቁጥር ነው። 200 እናት በጎች ያሉት መንጋ ትልቅ ይመስላል። በ2 አውራ ብቻ ቢጠቃ (ቢሰረር) ግን ከዘር ልዩነት አንጻር 8 ያህል እንስሳት እንዳሉበት ይቆጠራል፣ የዝምድናው መጠንም በአንድ ትውልድ 6 በመቶ ይጨምራል። በ10 አውራ ወደ 38 ያድጋል፣ በ20 አውራ ደግሞ ወደ 73። የሚመከረው ይህ ስሌት ቢያንስ 50 እንዲደርስ ነው፤ ያኔ ጭማሪው በትውልድ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የአውራውንና የእናቱን ቁጥር አባዝቶ፣ በ4 አባዝቶ፣ ለሁለቱ ድምር ማካፈል። ዝምድና የበዛበት መንጋ ደካማ ግልገል ይወልዳል፣ አርቢውም «ዘሩ አይረባም» ብሎ ይተወዋል።

የሸኮ ከብት ነገር ይህን ያሳያል። በደቡብ ምዕራብ ገንዲ በሚያሰቃየው አገር ከሌሎች ከብቶች የተሻለ በሽታውን የሚቋቋም ከብት ነው። ኮርማው ግን ቁጡ ስለሆነ ለአያያዝ ያስቸግራል፣ ገና በወጣትነቱ ይኮላሻል ወይም ይሸጣል። ላሟ የጎረቤት ኮርማ ታገኛለች። ከሻኛ ከብት ጋር በየትውልዱ ሲደባለቅ የሸኮው ደም 50፣ 25፣ 12.5 በመቶ እያለ ይወርዳል። ገበሬው አንድም ቀን «ሸኮን ላጥፋ» ብሎ አልወሰነም።

የፎገራ ከብት ሌላ መንገድ ያሳያል። ከጣና ምሥራቅ ባለው ረግረጋማ ሜዳ ዝንብና ውሃ የቻለ ከብት ነው። ሜዳው ወደ ሩዝ ማሳ ሲለወጥ ግጦሹ ጠበበ፣ እምቦጭም ዳርቻውን ያዘ። አንዳሳ የምርምር ማዕከል መንጋ ይዞ መቆየቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለከብቱ አገሩ የነበረው ሜዳ ግን በማዕከል አጥር ውስጥ አይገባም። ሩዙን ማንም አይነቅልም። የተወሰነ የወል ግጦሽ በሕግ ካልተከለለ ግን በስሙ የሚጠራው ወረዳ ያለ ከብቱ ሊቀር ይችላል።

ማዳቀል በራሱ ጠላት አይደለም። ወተት ለከተማ የሚያቀርብ፣ መኖና ሐኪም ያለው አርቢ የሆልስታይን ደም ቢያስገባ ያዋጣዋል። ጉዳቱ ያለ መዝገብ ሲዳቀል ነው። ቴክኒሻኑ ላሟ ስንት በመቶ የውጭ ደም እንዳላት ሳይጠይቅ ያንኑ ኮርማ ይደጋግማል፤ ሦስተኛው ትውልድ በአርብቶ አደር ግጦሽ ላይ አይቆምም። ከእስራኤል የመጣው የአዋሲ በግ ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀልም ጥያቄው ይኸው ነው። ትልቁ በግ ትልቅ መኖ ይፈልጋል፣ የመንዝ በግ ደግሞ ብርዱንና የክረምቱን ችግር ችሎ በትንሽ ሣር የሚኖር ነው።

በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተሞከረው የማኅበረሰብ እርባታ በእኔ ግምት እስካሁን ከታዩት ሁሉ የሚያዋጣው መንገድ ነው፤ ዘሩን የሚጠብቀው እያሻሻለ ስለሆነ። የአንድ መንደር አርቢዎች በጎቻቸውን እንደ አንድ መንጋ ያያሉ። ግልገሉ ሲወለድ ቀኑ፣ እናቱና መንታ መሆኑ ይጻፋል፤ በሦስት ወሩና በስድስት ወሩ ይመዘናል። መረጣው ሁለት ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያ በክብደቱና በእናቱ ታሪክ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎችና አርቢዎች ጠቦቶቹን አሰልፈው በቁመና፣ በቀለም፣ በጅራትና በቀንድ። የተመረጡት በየቡድኑ ይዞራሉ። በአንድ ቡድን ብዙ ሳይቆዩ ከተዛወሩ ሴት ልጃቸውን አያጠቁም። ያልተመረጡት ይኮላሻሉ፣ ሙክት ሆነው ይሸጣሉ።

ይህን ሥርዓት የሚያፈርሰው በዓል ነው። ፈጥኖ ያደገው ጠቦት መጀመሪያ ገዢ ያገኛል፤ ገና እናቱን ሳይረሳ ለፋሲካ ወይም ለዕንቁጣጣሽ ገበያ ይወጣል። መንጋው ውስጥ የሚቀረውና የሚያጠቃው ገዢ ያጣው፣ የዘገየው ነው። እንዲህ ዓመት በዓመት የበጎቹ ቁመና እያነሰ ይሄዳል፣ ከዚያ ከውጭ አውራ ይፈለጋል። አርቢው ደግሞ ለጨውና ለማዳበሪያ ብር ያስፈልገዋልና በጉን አትሽጥ ማለት አይበቃም።

የሠራው መፍትሔ ተዘዋዋሪ ገንዘብ ነው። ማኅበሩ የተመረጠውን ጠቦት በገበያ ዋጋ ይገዛዋል፣ አገልግሎቱን ሲጨርስ አደልቦ ሸጦ ገንዘቡን ይመልሳል። ገንዘቡ በጊዜ መድረስ አለበት። የመጀመሪያው ሚዛን ከዐቢይ ጾም መያዣ በፊት ካልተደረገ፣ ክፍያውም ከሆሣዕና በፊት በአርቢው እጅ ካልገባ፣ ከፋሲካ በኋላ የሚመረጥ አውራ አይገኝም።